ክላሲክ ተውኔቶችን ስለማንበብና ስለማጥናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ እማራለሁ፤ ተውኔት ይዤ ያየኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ተውኔት፣ ቲያትር፣ ድራማ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ተውኔት ጽሑፉ ነው። ያ ጽሑፍ በተዋናይ አፍና አካል መድረክ ላይ ሲወጣ ቲያትር ይባላል፤ ቤቱንም ቲያትር እንለዋለን። ድራማ የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ይጠቀምበታል። ትምህርት ቤት ውስጥ «የድራማ ክበብ» ስንል ግን አጭር ቲያትር የሚሠሩትን ልጆች ማለታችን ነው። ስሙ ላይ ብዙ አትጨነቁ።

«ክላሲክ» የምለው ዘመን ተሻግሮ ዛሬም የሚነበበውንና የሚታየውን ነው። የግሪኮቹ ወደ 2,400 ዓመት ሆኗቸዋል። ሼክስፒር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1564 እስከ 1616 የኖረ ሰው ነው። የእኛዎቹ ገና መቶ ዓመት አካባቢ ናቸው። ቢሆንም መንግሥቱ ለማንና ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ክላሲክ ከማለት ወደኋላ አልልም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የቱ ነው?

የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። አራዊት እየተነጋገሩ የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር ያሳያሉ። ጅብ እንኳ ስም ወጥቶለት በስሙ በሚጠራበት ሐረር ላደገ ሰው ይህ ዓይነቱ ጨዋታ እንግዳ አይሆንም። የሚመለከታቸው ሰዎች ግን አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ወዲያው ገባቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ።

ይህን ታሪክ ስናገር ደስ የሚለኝ ሰውየው የእኛው አካባቢ ሰው ስለሆኑ ነው። በልጅነታቸው ሐረር መጥተው ራስ መኮንን ቤት አደጉ። ዐድዋ ዘመቱ። ከዚያ ሩሲያ ሄደው ተማሩ። ኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ከተማ አድርገው ቆረቆሩ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂም እሳቸው ናቸው። በቁልቢ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አውቶቡሱ ጭሮ ለምሳ ሲቆም፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት በጻፈው ሰው ከተማ እየበላችሁ እንደሆነ አስታውሱ።

ከየት ልጀምር?

ከመንግሥቱ ለማ። «ጠልፎ በኪሴ» ወይም «ያላቻ ጋብቻ»። ሁለቱም ኮሜዲ ናቸው፣ ያስቃሉ፣ አማርኛቸው የሰው አፍ ላይ ያለ አማርኛ ነው። «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ የተማረ የባላባት ዘር «ከእሱ በታች ናት» የምትባል ልጅ ሲያገባ የሚመጣውን ጣጣ ታያላችሁ። ዘር የሚቆጥር ዘመድ የሌለው ማን አለ? መንግሥቱ ልጅነቱን ሐረር ነው ያሳለፈው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሳነበው የሰፈሬን ሰው ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል።

ቀጥላችሁ የከበደ ሚካኤልን «የትንቢት ቀጠሮ» አንብቡ። ግጥም ስለሆነ ጆሮ ላይ ይቀራል። ከዚያ ጸጋዬ፤ ከዚያ ጸጋዬ ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር «ኦቴሎ»። በ«ሐምሌት» አትጀምሩ። ረጅም ነው፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚያቆመው።

ተውኔት ሳነብ ይሰለቸኛል። ችግሩ የእኔ ነው?

አይደለም። ችግሩ ብቻችሁን፣ ዝም ብላችሁ፣ በዓይናችሁ ማንበባችሁ ነው። ተውኔት ለዓይን አልተጻፈም። ለአፍና ለጆሮ ነው የተጻፈው።

ይህን የተማርኩት 11ኛ ክፍል ሆኜ ነው። «ኦቴሎ»ን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ጨርሼው ነበር። ገባኝ ብዬም ነበር። በኋላ አራት ልጆች ሆነን፣ አንድ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አድርገን፣ ከዚራ ሰፈር አንዷ ጓደኛችን ግቢ ዛፍ ሥር ማንበብ ጀመርን። የድሬ ቀን ለሥራ አይመችም። ፀሐይ ስትበርድ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው የምንሰበሰበው። ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፈልን፤ ሰው ስላነሰን አንዱ ሁለትና ሦስት ይይዛል። የመጀመሪያው ቀን እየተንተባተብን አለቀ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ።

ኦቴሎ ሚስቱን ዴዝዴሞናን «መሀረቡ የት አለ?» ብሎ የሚያፋጥጥበት ቦታ ላይ ደርሰናል። መሀረቡን አንሥታ ለባሏ ለኢያጎ የሰጠችው ኤሚሊያ ናት። እዚያው ክፍል ውስጥ ቆማለች። እመቤቷ በሐሰት ስትጠረጠር እየሰማች ምንም አትልም። ብቻዬን ሳነብ ኤሚሊያ እዚያ መኖሯን ረስቼው ነበር። ወረቀቱ ላይ ቃል የላትማ! ያን ቀን ግን ኤሚሊያን የያዘችው ልጅ መሀላችን ቁጭ ብላለች። ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ እሷ ዞርን። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ማንም አድርጊ አላላትም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ሁለትም ሁኑ ሦስት፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በቅንፍ የተጻፈውን መመሪያ አትዝለሉ። በየገጹም «አሁን መድረክ ላይ ዝም ብሎ የቆመው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ካጣችሁ ብቻችሁንም ቢሆን ድምፅ አውጡ። እኔ ልብስ ሳጥብ አነባለሁ፤ ጎረቤት ለምዶታል።

የጸጋዬ አማርኛ ይከብደኛል። ምን ላድርግ?

ምቱን ያዙ። ጸጋዬ ደጋግሞ የሚጽፍበት የግጥም ስልት በስሙ «የጸጋዬ ቤት» ተብሏል፤ አንዱ ሐረግ ስምንት ቀለም ነው። በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ወይም ጉልበታችሁን እየመታችሁ አንብቡት። ምቱ ሲገባ የማታውቁት ቃል እንኳ በዙሪያው ካለው ትርጉሙን ይሰጣችኋል። መዝገበ ቃላቱን ከዚያ በኋላ ክፈቱ።

ድሬዳዋ ሆኜ እንዴት ቲያትር ላይ? አዳራሹስ የት አለ?

እውነቱን ለመናገር፣ በየሳምንቱ ቲኬት ቆርጦ ቲያትር ማየት የአዲስ አበባ ወግ ነው። አገር ፍቅር ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ፣ ብሔራዊ ቲያትር ደግሞ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ አሉ። እዚህ የምናየው በዓል ሲመጣ፣ የትምህርት ቤት መዝጊያ ሲሆን ወይም ቡድን ተጉዞ ሲመጣ ነው። ይህ ያናድደኛል። ይህን ያህል ቋንቋና ይህን ያህል ጨዋታ አዋቂ ያለበት ከተማ ቋሚ መድረክ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ግን አዳራሽ የለም ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ግሪኮቹ የተጫወቱት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ኮረብታ ላይ ተቀምጦ እያያቸው ነው። በ1599 የተሠራው የሼክስፒር ግሎብ መሀሉ ጣሪያ አልነበረውም። ኮረብታና ፀሐይ ደግሞ ድሬ ሞልቷል። እኛ ሁለት ጊዜ በግቢ ውስጥ አሳይተናል። መጋረጃችን ሽርጥ ነበር። ወንበር ሰው ከቤቱ ይዞ መጣ።

የድሬ አነጋገሬ መድረክ ላይ ችግር ይሆንብኛል?

ይህን የሚጠይቁኝ በተለይ አንዴ የተሳቀባቸው ልጆች ናቸው። እኔም ደርሶብኛል። አንድ ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዱ «መጀመሪያ አማርኛሽን አስተካክዪ» አለኝ። አንድ ሳምንት አፌን አልከፈትኩም።

አሁን የማምነው እንዲህ ነው። መድረክ የሚፈልገው ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ቃሉ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ላለው ሰው መድረስ አለበት፤ የቃሉን መጨረሻ አትዋጡ። ይህ ለሁሉም ተዋናይ ሥራ ነው፣ ጎንደሬም ይሁን ሸዌ። ቅላጼ ግን ጉድለት አይደለም። የመንግሥቱን ሎሌ ወይም የሼክስፒርን ቀባሪ «አቦ!» ብሎ ቢገባ ምን ይቀንሳል? ድሬ ላደገ ሰው ደግሞ ትርፍ አለው። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሄዶ በኦሮምኛ ይከራከራል፣ በሶማሊኛ ይቀልዳል፣ በአማርኛ ሒሳብ ይዘጋል። አንድ ሰው ቋንቋ ሲቀይር ፊቱም፣ እጁም፣ አቋቋሙም አብሮ ሲቀየር አይቶ አድጓል። ሌላው ተዋናይ ለዚህ ትምህርት ቤት ይገባል።

ቃለ ተውኔት እንዴት ይጠናል?

በሽምደዳ አትጀምሩ። መጀመሪያ ገጸ ባሕርዩ ከፊቱ ካለው ሰው ምን እንደሚፈልግ እወቁ። ይቅርታ? ገንዘብ? ዝም እንዲለው? ይህን ካወቃችሁ ቃሉ ምክንያት ያገኛል። ከዚያ የጓደኛችሁን የመጨረሻ ቃል ያዙ፤ የእናንተ መነሻ እሱ ነው። የራሱን ብቻ የሸመደደ ሰው ጓደኛው አንድ ቃል ከሳተ አብሮ ይጠፋል። እየሄዳችሁ አጥኑ። እኔ ከለገሃር እስከ ቤታችን አንድ ትዕይንት ይዤ እገባለሁ።

ተምረሽ ምን ልትሠሪ ነው? ይሄ ጨዋታ አይደለም እንዴ?

ይህ ከቤተሰብ የሚመጣ ጥያቄ ነው፣ ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ ይጠነክራል። ለአባቴ የመለስኩለትን እነግራችኋለሁ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ነው። ተውኔት ሲጽፍ ለአንዱ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» የሚል ርዕስ ሰጠው። ያኔም ሰው ይህንኑ ይጠይቅ ነበር ማለት ነው።

ስለ ሥራው ዋስትና አልሰጥም። መምህር መሆን እፈልጋለሁ። ሰው ፊት ቆሞ መናገርን፣ የማልወደውን ሰው ሐሳብ አምኜበት እስክናገረው ድረስ መረዳትን ያገኘሁት ግን ከዚህ ነው። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷን ለሚቃወም ደግሞ ታሪኩን ልንገር። ግሪክ አገር የሴትን ቦታ ወንዶች ጭምብል አድርገው ነበር የሚጫወቱት። ሼክስፒር ዘንድ ወጣት ወንዶች። እኛም አገር መጀመሪያ ላይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ነበር። አንቲጎኔን፣ ዴዝዴሞናን የሚያህል ሰው ተጽፎ ሴት እንዳትናገረው ሲደረግ ስንት ዘመን አለፈ! ያ ሁሉ ቆይቶ ተራዬ ሲደርስ እንዴት እቀራለሁ?

የግሪክ ተውኔት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ የሚዘፍነው ለምንድን ነው?

እሱ ኮረስ ነው። ዘፈን ላይ አውጪና ተቀባይ አለ አይደል? ኮረሱን እንደ ተቀባይ እዩት። «አንቲጎኔ»ን በጻፈው በግሪኩ ሶፎክልስ ዘመን አሥራ አምስት ነበሩ። ተናጋሪ ተዋናዮቹ ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ ጭምብል እየቀያየሩ ሁሉንም ይጫወታሉ። ኮረሱ የከተማው ሰው ነው። ይፈራል፣ ይመክራል፣ ሐሳቡን ይለውጣል። ጎረቤት ቤት ጠብ ሲነሳ ደጅ ላይ የሚሰበሰበውን ሰው አስቡት። ይህን ሳውቅ እነዚያን ረጃጅም መዝሙሮች መዝለል አቆምኩ።

አሳዛኝ ተውኔት አይቶ ማልቀስ ለምን ደስ ይላል?

አርስጣጣሊስ «ካታርሲስ» የሚል ቃል አለው። ትራጄዲ ፍርሃትንና ርኅራኄን ቀስቅሶ ያጠራልናል ይላል። ምሁራን በቃሉ ትርጉም እስካሁን ይከራከራሉ። እኔ ቃሉን የተረዳሁት ለቅሶ ቤት ነው። ሰው አንጀቱ አርሮ ይመጣል፤ አስለቃሽዋ ትጀምራለች፤ ሙሾው ሲወርድ የራሱንም የቆየ ሐዘን ጨምሮ ያለቅሳል። ሲወጣ «ወጣልኝ» ይላል። ይሄው ነው።

ግን አንድ ልዩነት አለ። ለቅሶ ቤት የሞተው የእኛ ሰው ነው። ቲያትር ቤት የምናለቅሰው ለማናውቀው፣ ምናልባትም ጥፋተኛ ለሆነ ሰው ነው። ኤዲፐስ አባቱን ገድሏል። ማክቤዝ እንግዳውን በተኛበት አርዷል። ለእንደዚህ ያለ ሰው ማዘን ከባድ ነው። ማክቤዝን ሳነብ መጨረሻው ላይ ያዘንኩለት ጊዜ በራሴ ተገርሜያለሁ፤ ለሁለት ቀን ያህል አሰብኩበት።

ተውኔት ሲተረጎም ዋናው አይጠፋም?

የሚጠፋ አለ። የሚገኝም አለ። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን፣ ጸጋዬ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ዋናው ላይ የሌለ ውሳኔ መወሰን ነበረባቸው። አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ «አንቱ» ወይስ «አንተ»? የጥንት ግሪክኛ ይህን አይለይም። ንጉሡም ባሪያውም አንድ «አንተ» ነው። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት ነበረው፤ የዛሬው አንድ ቀርቶታል። አማርኛ ላይ ግን ተርጓሚው አፉን በከፈተ ቁጥር መምረጥ አለበት።

ይህ የድሬ ልጅ ጥያቄ ነው። እኛ በአንቱታ አንታማም፤ እኔ አያቴን «አንቺ» ነው የምላት። አንድ ማታ የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ከእንግሊዝኛው እየመለስኩ ሳነብላት ግን ንጉሡ ክሬዎን ጋ ስደርስ ምላሴ ራሱ «አንቱ» አለ። ንጉሥ ነዋ፣ አጎትም ነው። አንቲጎኔ ወንድሟ እንዳይቀበር ያወጣውን አዋጅ ጥሳ፣ ተይዛ ፊቱ ስትቀርብ «አዎ አድርጌዋለሁ፣ አልክድም» ትላለች። ቀጥላ አዋጁ ከአማልክት የመጣ እንዳልሆነ ትነግረዋለች። እዚያ ላይ «አንቱ» እምቢ አለኝ። «ያንተ አዋጅ» ብዬ መለስኩት። አያቴ ቀና አለች። «ምነው፣ ደፈረችው እንዴ?» አለች። ግሪክኛው ውስጥ ያች ቅጽበት በአንድ ቃል አልተጻፈችም። አማርኛው አመጣት።

አንቲጎኔና ክሬዎን፤ ትክክሉ ማነው?

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ደግሞም ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው። ተውኔቱን ላላነበበ ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ለአንድ ዙፋን ተዋግተው በአንድ ቀን ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዎን ነገሠ። አንደኛውን በክብር አስቀበረ። ሌላኛውን ግን፣ ጦር ይዞ በአገሩ ላይ የመጣ ነውና፣ ማንም እንዳይቀብረው፣ እንዳያለቅስለትም አዋጅ አስነገረ። እህቱ አንቲጎኔ ወጥታ አፈር አለበሰችው። ክሬዎንም ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ አዘጋባት።

ለእኛ መልሱ ቀላል ይመስላል። ድሬ ዕድር አለ፣ ሐረር አፎቻ አለ። ጠላትም ቢሆን ሲሞት ይቀበራል። ለምንወደው ሰው ራሱ «አፈር ያልብስሽ» እያልን የምንማጠን ሰዎች ነን። ግን ግቢያችን ውስጥ ስናነበው ከአራታችን ሁለቱ ለክሬዎን ቆሙ። ምክንያታቸው ተራ አልነበረም። ከተማዋ ትናንት ከጦርነት ወጥታለች። ሕግ ለሁሉም አንድ ካልሆነ፣ የንጉሥ ዘመድ ስትሆን ከላላ፣ ማን ያከብረዋል? ሶፎክልስ ይህን ክርክር ለክሬዎን በጥሩ ቃል ነው የሰጠው። ክሬዎንን የሚያነብ ሰው አምኖበት ካላነበበው ተውኔቱ ይሞታል። እኔም አንድ ቀን ክሬዎንን ደርሶኝ አንብቤዋለሁ። ሳነብ ትክክል ነበርኩ።

አያቴ ማን ትክክል እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ምስር እየለቀመች ነው የምትሰማኝ። ነቢዩ ቲሬስያስ መጥቶ ክሬዎንን ሲያስጠነቅቀው፣ ክሬዎንም ሲደነግጥ አነበብኩላት። አቋረጠችኝ። «ለመሆኑ ልጁን ቀበሩት?»

ቀብረውታል አልኳት። ግን ተራውን ነገርኳት። ሽማግሌዎቹ ክሬዎንን «ሂድ፣ ልጅቷን ከዋሻው አስወጣት፣ ላልተቀበረውም መቃብር ሥራለት» ነበር ያሉት። እሱ መጀመሪያ ወደ ሬሳው ሄደ። አጠቡት፣ የቀረውን አቃጠሉት፣ አፈር ከመሩበት። ከዚያ ወደ ዋሻው ዞሩ። ሲደርሱ ልጅቷ በሻሿ ታንቃ ሞታለች። እጮኛዋ፣ የክሬዎን ልጅ፣ እዚያው በሰይፉ ራሱን ገደለ።

አያቴ እጇን ከምስሩ ላይ አነሣች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች።

«የሞተውማ የት ይሄድበት ነበር?» አለች።